ግራ ሲሏት ቀኝ የምታበራ መኪና

ቡታጅራ ውስጥ የመኪና መብራት የሚያውቅ ሰው ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ሦስት ሰው ይጠቁሟችኋል። ሁለቱን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ሦስተኛው ራሴ ነኝ። አንተንስ ማን አስተማረህ ካላችሁ የአባቴ ሬዲዮ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ፈታትቼ ገጠምኩት። ሦስት ቡሎን ተርፎኝ ሬዲዮው ከበፊቱ የተሻለ መናገር ጀመረ። አባቴ የተረፉትን ቡሎኖች በመዳፉ ይዞ እያየ «ይሄ ልጅ ወይ ሊቅ ነው፣ ወይ አንድ ቀን ቤታችንን ያቃጥላል» አለ። ቤቱ እስካሁን አልተቃጠለም።

ይህን የማወራው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ለመኩራራት ነው። ግን በዚህ ታሪክ መሃል ላይ ኩራቴ ክፉኛ ተሰብሮ ነበርና፣ ከመሰበሩ በፊት ምን ያህል እንደነበር እንድታውቁት ብዬ ነው።

ጊዜው ባጃጅ ወደ ከተማችን መግባት የጀመረበት፣ ሞባይል ያለው ሰው ቀበቶው ላይ ሰክቶ ሸሚዙን ወደ ላይ ሰብስቦ የሚሄድበት ዘመን ነበር። እኔ የምሠራው ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ከፊቷ ሁለት መኪና የሚያስቆም ሜዳ አለኝ፤ ከሜዳው ማዶ የባጃጅ ሾፌሮች ተሰልፈው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። ተሳፋሪ ሲጠፋ እኔን ያያሉ። እኔም መታየት አልጠላም።

አንድ ጠዋት አንዲት ነጭ አሮጌ የቤት መኪና፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈተው ዓይነት፣ መጥታ ቆመች። ከመሪው ጀርባ የወረደችው በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ሴት ናት። የባጃጅ ሾፌሮቹ ሁሉ ዞረው አዩ። ያኔ በእኛ በኩል መኪና የምትነዳ ሴት ማየት ብርቅ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም። መብራት ሠሪው አንተ ነህ?»

«ወአለይኩም ሰላም። ሌላ ሰው ነው ካሉሽ ዋሽተውሻል።»

አልሳቀችም። «የምትዋሸውስ መኪናዬ ናት» አለች። «ግራ ስላት ቀኝ ታበራለች።»

ፍሬቻዋን ነው የምትለው። መኪና ለማያውቅ ሰው፣ ፍሬቻ ማለት ልትታጠፍ ስትል ለኋለኛው ሾፌር «በዚህ በኩል ነኝ» ብላ ብልጭ ድርግም የምትለዋ መብራት ናት። እሷ ከዋሸች ያ ሾፌር ባልታጠፍክበት በኩል አልፋለሁ ብሎ ይገባብሃል።

ገብቶባት ነበር። በርጩማ ሰጠኋትና ሁሉንም ነገረችኝ። የእንሴኖ ሰው ናት፣ የቆጮ ነጋዴ። መኪናዋ የባሏ ነበረች፤ እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ዓመት ሙሉ ቤት ቁጭ ካለች በኋላ አንድ ቀን ተነስታ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ከዚያ ወዲህ በእንሴኖ ዙሪያ ካሉት ገበሬዎች ቆጮ እየሰበሰበች፣ በገበያ ቀን ጭና ቡታጅራ ላሉት ምግብ ቤቶች ታደርሳለች። ባለፈው ገበያ ታዲያ ከኋላዋ ዋርሳዋ፣ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም፣ በራሳቸው ፒክአፕ እየመጡ ነበር። ሐጂ ናቸው፣ የተከበሩ በርበሬ ነጋዴ። እሷ ወደ ገበያው ለመታጠፍ የግራ ፍሬቻ አበራች። ሐጂ የቀኙ ሲበራ አዩና በግራ ሊያልፏት ገቡ። የጎን መስታወቷን ነቅለውት አለፉ።

«እኔ እንኳን አልደነገጥኩም» አለች። «እሳቸው ግን ከመኪናቸው ወርደው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ገደልኳት ብለው።»

ሐጂ በማግስቱ የቤተሰቡን ሽማግሌዎች ሰበሰቡ። የወንድሜን ልጆች ያለ እናት አላስቀርም አሉ። መኪናው ለቅጥር ሾፌር ይሰጥ፣ እሷ ቤቷ ትቀመጥ። ሽማግሌዎቹ እሷንም እሳቸውንም ሰምተው፣ በእኛ አገር ደንብ መሃል ላይ ፈረዱ፤ ሦስት ገበያ ተሰጣት። ሐጂ በየገበያው ከኋላዋ እየነዱ ያያሉ። እስከ ሦስተኛው ገበያ መኪናዋ እውነት መናገር ካልጀመረች ቁልፉን ታስረክባለች።

«ሦስት ገበያ?» አልኳት። «ለእኔ ሦስት ሰዓት ይበቃኛል።»

መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ግራውን ፍሬቻ አበራሁ። ወርጄ ከኋላ አየሁ፤ ግራው ጠቅ ጠቅ ይላል። ቀኙን አበራሁ፣ ቀኙ። ምንም የላትም። ሴትዮዋ ፊቷ ቀላ።

«እኔ አልዋሸሁም» አለች።

«ማንም ዋሸሽ አላለም። ጥርሱን የታመመ ሰው ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ ሕመሙ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። መኪናም እንደዚያ ናት፣ እኔን ስታይ ትድናለች።»

ቢሆንም ዝም ብዬ አልሰደድኳትም። ጠቅ ጠቅ የምትለዋን ትንሽ ሳጥን፣ ሪሌ የምንላትን፣ አውጥቼ በሌላ ቀየርኩ። የኋላውን አምፖል አየሁ፣ መስታወቱ ጠቁሯል፤ እሱንም ቀየርኩ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቅዬ አጸዳሁ። ከዚያ ኮፈኑን ዘጋሁና ባጃጆቹ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ።

«ይሄ ፍሬቻ ድጋሚ ከዋሸ ይሄን ጢሜን እላጨዋለሁ።»

ስለ ጢሜ አንድ ቃል ልበል። ያኔ የነበረኝ ጢም የከተማው ንብረት ነበር። ጫፍና ጫፉን ጠምዝዤ ወደ ላይ አቆመው ነበር፤ ሰው ሰፈሬን ለመጠቆም «ከጢሙ ሰውዬ አጠገብ» ይል ነበር።

ከመጀመሪያው ገበያ ማግስት ነጯ መኪና መጣች። ሴትዮዋ ወረደችና አፍንጫዬ ሥር አየች።

«አሁንም አለ» አለች።

«ደግሞ ዋሸች?»

«ሐጂ ከኋላዬ ሆነው ጥሩንባ እየነፉ ነው የመጡት። ግራ ስላት ቀኟም ይበራል፣ ግራዋ ደብዝዞ ይንቀጠቀጣል።»

አበራሁት። ደህና ነው። እንደ ልቤ ምት ጠቅ፣ ጠቅ። ባጃጆቹ ከማዶ ተንጠራርተው ያዩኛል።

«ጢሜን አንድ ዕድል ስጪው» አልኳት።

ያን ቀን እንደ ሰው አልሠራሁም፣ እንደ ጂኒ ነው የሠራሁት። መሪው ሥር ያለውን የፍሬቻ ማብሪያ ፈትቼ በቤንዚን አጠብኩት። ከዳሽቦርዱ ጀምሮ ሽቦዎቹን በጣቴ እየዳበስኩ ስከተል፣ ነፍሱን ይማረውና ባሏ ራሱ በእጁ ጠምዝዞ በፌስታል ያሰራት አንዲት ቅጥያ አገኘሁ። ምስጢሩ ይሄ ነው ብዬ ፈንጠዝያ አደረግኩ። ቆርጬ፣ ገጥሜ፣ በጥቁር ናስትሮ ጠቀለልኩት። ከዚያ እሷን አጠገቤ አስቀምጬ ከተማውን ዞርን። ወደ ሆስፒታሉ ታጠፍን፣ ወደ መስጊዱ ታጠፍን፣ መታጠፊያ በሌለበትም ታጠፍን። አንድ የማውቀውን ባጃጅ ከኋላችን አስከትዬ ነበር። ሲመለስ «ሠላሳ ጊዜ ታጠፋችሁ፣ ሠላሳውንም ልክ ናችሁ፤ እኔ ግን ራሴን አዞረኝ» አለ።

በሁለተኛው ገበያ ማግስት መኪናዋን ከሩቅ ሳያት ሄጄ ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቃል ቃል ነው። ስመለስ ላይኛው ከንፈሬ ነፋስ ይመታው ነበር፤ ያን ያህል እንደሚበርደው አላውቅም ነበር። ከባጃጆቹ አንዱ ጮክ ብሎ «ሊቁ፣ ፍሬቻህን ማን ነቀለው?» አለ። ሌላው ተቀበለው፤ «ሁለቱም ጠፍተዋል፣ በየት በኩል እንደሚታጠፍ በምን እናውቃለን?»

እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ቀልድ ነበር። እኔ ብናገረው ኖሮ ሳምንት ሙሉ እስቅ ነበር።

ሴትዮዋ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ስታየኝ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ሳቅ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም።

«ይቅርብህ ወንድሜ» አለች። «ሐጂ ሾፌሩን አግኝተውታል። ቁልፉን እሰጣቸዋለሁ።»

«አንድ ገበያ ይቀርሻል እኮ።»

«ምን ያደርግልኛል? አንተም ለፋህ፣ ጢምህም ሄደ።» «ባሌ ሲሞት ዓመት ሙሉ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የተኛሁት። መሪ የያዝኩ ቀን ነው የተነሳሁት። ሾፌር ሲነዳልኝ ጀርባውን እያየሁ ልቀመጥ ነው እንግዲህ።»

እጄ ሥራ ይያዝ ብዬ ብቻ የኋላ በሯን ወደ ላይ ከፈትኩ። ያኔ ነው ሽታው የመታኝ። የሳሙናና የጽጌረዳ ሽቶ። ባለፈውም፣ ከዚያ በፊትም እንዲሁ ይሸተኝ ነበር፤ የሴት መኪና ናት ብዬ አልፌው ነበር። ወለሉን በእጄ ዳበስኩ። ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ባዶ።

«ይቺ መኪና ቆጮ ትጭናለች ያልሽኝ አይደል?»

«ታዲያስ።»

«ቆጮው የታለ? ቅጠሉ የታለ? ሽታውስ?»

እንደ ሞኝ አየችኝ። «አጥቤያት ነዋ የምመጣው። ሰው ቤት ቆጮ ቆጮ እየሸተትኩ ልምጣ? ሁሌ ወደ አንተ ከመምጣቴ በፊት አወርዳለሁ፣ በኦሞ አጥባታለሁ፣ በፀሐይ አደርቃታለሁ፣ ሽቶ እረጭላታለሁ። ለሰው አክብሮት ነው።»

በርጩማው ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የመረመርኩት በሽተኛዋን አልነበረም። ይሉኝታ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሽቶ ረጭቶ ያመጣልኝን ሙሽራ ነው። እዚህ ባዶዋን ትመጣለች፣ ደህና ናት። ሐጂ ከኋላ ሆነው የሚያዩዋት ግን ሁሌ ተጭና ነው።

«ከሦስተኛው ገበያ በፊት ጭነሽ፣ ሳታወርጂ ነይ።»

«አይሆንም። ሰው ምን ይለኛል?»

«እንግዲያው እኔ እመጣለሁ።»

ከገበያው ቀን በፊት በነበረው ቀን ካቻቢቴዬንና ፒንሳዬን በፌስታል ይዤ በሚኒባስ እንሴኖ ወረድኩ። ግቢዋ ውስጥ መኪናዋ ቆማለች፤ ከጎኗ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ የታሰረ ቆጮ ተደርድሯል፣ እያንዳንዱ አንድ ትራስ የሚያክል። እሷን መሪው ላይ አስቀመጥኳትና የግራውን ፍሬቻ አብሪ አልኳት። እኔ ከኋላ ሆኜ እስሮቹን አንድ በአንድ መጫን ጀመርኩ።

«ስንት ነው የምትጭኚው?»

«እስኪሞላ። በግራ በኩል ጠበቅ አድርገህ አስደግፈው፣ እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው። በቀኝ መለዋወጫ ጎማው አለ።»

አንድ ጫንኩ፤ ግራው ጠቅ ጠቅ። ሁለት፣ ደህና። ሦስት፣ ደህና። አራተኛውን ግራው ጥግ ላይ በጉልበቴ ገፍቼ ሳስገባው ግራው መብራት ደበዘዘ። የቀኙ የኋላ መብራት፣ ማንም ሳይነካው፣ ብልጭ አለ። ደግሞ ብልጭ አለ።

«ዋሸች!» አልኩ። በሕይወቴ በመኪና ብልሽት እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። «ነይ ውረጂ፣ ስትዋሽ ያዝኳት።»

እሷም መጥታ አየች። አራተኛውን እስር ሳብ አደረግኩ፣ መኪናዋ ዳነች። መልሼ ገፋሁት፣ ታመመች። ሳብ፣ ገፋ። ሁለታችንም እንደ ሕፃን እየተቀባበልን አምስት ስድስት ጊዜ አደረግነው።

ከዚያ የጥጉን የውስጥ ክዳን ፈታሁ። ሽታው ከዓይኔ በፊት ነገረኝ። ሳሙናም ሽቶም ያልደረሰበት ቦታ ነው። ቆጮ ምንም ያህል ቢጨመቅ የእንሴኖ መንገድ ሲንጠው የቀረችውን ውሃ ያንጠባጥባል፤ ውሃው ደግሞ ኮምጣጣ ነው። ከወለሉ ተንሸራቶ እዚያ ጥግ ሲጠራቀም ከርሟል። እዚያው ጥግ ላይ ደግሞ ማሳ አለ። ማሳ የምንለው የኋላ መብራቱ ሽቦ ከመኪናዋ ብረት ጋር በቡሎን የሚታሰርበትን ቦታ ነው። ቡሎኑ ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል፤ የሽቦው ጫፍ ለይስሙላ ነው የነካው። ቆጮው ክዳኑን ሲገፋው ሽቦው ይላቀቃል፣ ሲወርድ ተመልሶ ይነካል።

«ታዲያ ለምን ቀኙ ይበራል?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ወንድ ሾፌር አይጠይቀውም።

«ኤሌክትሪክ ወደ አምፖሉ መሄጃ ብቻ ሳይሆን ወደ ባትሪው መመለሻም ይፈልጋል» አልኳት። «መመለሻው ይሄ ቡሎን ነው። ሲዘጋበት በጎረቤት ግቢ አቋርጦ ይሄዳል። በቀኙ መብራት በኩል ሲያልፍ እግረ መንገዱን ያበራዋል።»

ትንሽ አሰበችና «እንደ ሰው ነዋ» አለች።

ቡሎኑን ነቀልኩት። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፋቅሁት። የሽቦውን የበሰበሰ ጫፍ ቆርጬ አዲስ ጫፍ ገጠምኩለት፤ አሮጌው ቦታ ላይ ሳይሆን የቆጮ ውሃ በማይደርስበት ከፍታ ላይ አሰርኩት፣ በግሪስም ቀባሁት። ቀሪውን እሷ ጨረሰችው። ቤት ገብታ ወፍራም ላስቲክ አምጥታ ወለሉ ላይ አነጠፈች፣ ጠርዙን ወደ ላይ አጥፋ እንደ ገንዳ አደረገችው። እኔ አላሰብኩትም ነበር። አስቤዋለሁ ብዬ የማወራበት ቦታ አለ፤ እዚህ ግን እውነቱን ልናገር።

ከዚያ ሁሉንም ጫንን። መኪናዋ ቂጧ መሬት ሊነካ እስኪደርስ። ግራ፣ ግራ። ቀኝ፣ ቀኝ። እሷ እስሮቹን በተረከዟ እየገፋች፣ እየረገጠች ሞከረች። መኪናዋ እውነቷን ተናገረች።

በማግስቱ ሦስተኛው ገበያ ነበር። እሷ ቆጮዋን ጭና ፊት ሆነች፤ ሐጂ በፒክአፓቸው ከኋላ። እኔ ሐጂ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጉዳዩ የጢም ነውና ቦታዬን ለማንም አልሰጥም ነበር። ሐጂ መሪውን በሁለት እጃቸው አንቀው ይዘው፣ ከከንፈራቸው ሥር ዱዓ እያደረጉ፣ ከእሷ በጣም ርቀው ይነዳሉ።

«ሐጂ፣ ከዚህ ርቀት እኮ ፍሬቻው አይታይም» አልኳቸው።

«ይታየኛል።»

«መኪናዋ ራሷ ለእኔ አልታየችኝም።»

ጠጋ አሉ። በመንገዱ ላይ ፈረስ ጋሪ ለማለፍ ወደ ግራ ወጣች፤ ግራ በራ። ተመለሰች፤ ቀኝ በራ። ቡታጅራ ገባን። ባለፈው መስታወቷን የነቀሉበት መታጠፊያ ጋ ስንደርስ እሷ ገና ሳትታጠፍ እግራቸውን ፍሬኑ ላይ አደረጉ። ሰውዬው በእሷ ላይ ክፋት አልነበራቸውም። ፍርሃት ነው የነበራቸው፤ አንድ ወንድም ቀብረዋል።

ግራው በራ። ግራው ብቻ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ቀኙ እንደ ደህና ጎረቤት በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ሐጂ ቆሙ። እሷ ከፊት የሚመጣውን የጭነት መኪና አሳለፈች፣ ቀስ ብላ ታጠፈች፣ ቆጮዋን ይዛ ወደ ገበያው ገባች።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። ከኋላችን ሰው ጥሩንባ እስኪነፋ ድረስ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩኝ።

«አንተ ጢም ያለህ ሰው አልነበርክም?»

«ለዋርሳዎ ነው የሰዋሁት።»

«ይበቅላል» አሉ። ገበያው ጋ ወርደው ወደ እሷ ሄዱ። እኔ ራቅ ብዬ ነበርና ያሉትን ሁሉ አልሰማሁም፤ የመጨረሻዋን ግን ሰማሁ። «ያን ሾፌር የበርበሬዬ መኪና ላይ አስቀምጠዋለሁ» አሏት። «አንቺ ያንቺን ንጂ።»

እሷም ነዳች። ያቺ መኪና ስታረጅ በሌላ ለወጠቻት፤ ላስቲኩን ግን አዲሷም ላይ አንጥፋዋለች። ከዚያ ወዲህ ማንም ደንበኛ መኪና ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ጭነህ ነበር?» ብዬ ነው። ሳይታጠብ እንዲመጣም አዛለሁ። ሰዎቹ በይሉኝታ ይሞታሉ፣ እኔ ግን ሙሽራ አልመረምርም።

ጢሜ በቅሏል፤ አሁን ሽበት ገብቶበታል፣ አምሮበታል ይሉኛል። በገበያ ቀን ጠዋት በሬ ላይ ቆሜ ስጠብቅ መኪናዋ ብቅ ትላለች። እጇን አውጥታ ሰላም አትለኝም። እኔ ፊት ስትደርስ የግራ ፍሬቻዋን ሦስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አድርጋልኝ ቀጥታ ታልፋለች፤ እዚያ ጋ ምንም የግራ መታጠፊያ የለም። ከኋላዋ ያሉት ይቆማሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይሳደባሉ። ሐጂ እንኳ አንድ ቀን መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው «ይሄን ፍሬቻ ሠራሁት አላልክም ነበር? ይኸው ትዋሻለች» አሉኝ።

«አይደለም ሐጂ» አልኳቸው። «አሁን የምትዋሸው መኪናዋ አይደለችም።»